የውሃ ዑደት ትምህርት ከመንደር ምንጭ ሲታይ

ለአንደኛ ደረጃ ሕፃናት ስለ ውሃ በሚሰጠው ትምህርት ላይ የቀረበ ሂስ

ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅ በሚዘረጋው የጋይንት ምድር ቤተ ልሔም የምትባል ጥንታዊት ደብር ትገኛለች። ቤተ ልሔም የቅዱስ ያሬድ ድጓ የሚመሰከርባት ቦታ እንደ መሆኗ፣ ከየአገሩ የሚመጡ የዜማ ተማሪዎች በየዘመኑ ደጅ ሲጠኑባት ኖረዋል። በዚህ አካባቢ የሚያድግ ሕፃን ስለ ውሃ ከሦስት ወገን ይማራል። አንደኛው በድጓው የዘመን አከፋፈል የሚሰማው ነው፤ ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ በመጀመሪያ ስለ ዘርና ስለ ደመና፣ ቀጥሎም ስለ መብረቅና ስለ ነጎድጓድ፣ ስለ ባሕርና ስለ አፍላግ በተራ ይዘመርበታል። ሁለተኛው በመደበኛው ትምህርት ቤት «የውሃ ዑደት» ተብሎ የሚቀርብለት ነው። ሦስተኛው ማንም ሳያስተምረው፣ ይልቁንም ልጃገረዶቹ እንስራ አዝለው ሲመላለሱ የሚያውቁት ነው፤ ይኸውም ምንጩ በጥቅምት እንዴት እንደሚፈስ፣ በሚያዝያ ደግሞ አንድ እንስራ ለመሙላት ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ ነው።

እነዚህ ሦስት ዕውቀቶች በአንድ ሕፃን አእምሮ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ እንጂ አይገናኙም። ሕፃኑ በፈተና ወረቀት ላይ የዑደቱን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ጽፎ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። «የመንደራችሁ ምንጭ በሚያዝያ የሚያንሰው ለምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን የተማረው ትምህርት ለመልሱ አይረዳውም። ለዚህ ጥፋተኛው ሕፃኑ አይደለም፤ መምህሩም ብቻውን ተጠያቂ ሊሆን አይገባውም። የተለመደው የውሃ ዑደት ሥዕል ትክክል ቢሆንም፣ የአንድ መንደር ውሃ የሚገኝባቸውንና የሚጠፋባቸውን ሁለት ዐበይት ነገሮች ይሰውራል። እነርሱም ከተዳፋቱ በታች ያለው ምድርና ምንጩን የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉድለት መመርመርና የሚታረምበትን መንገድ ማመልከት ነው።

ሥዕሉና ጥቅሙ

ሥዕሉን የማያውቅ መምህር የለም። በአንድ ወገን ባሕር፣ በላይ ፀሐይ፣ ከባሕሩ ሽቅብ የሚያመለክት ቀስት፣ ቀጥሎ ደመና፣ በተራራ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ በመጨረሻም ወደ ባሕሩ የሚመለስ ወንዝ ይታያል። ተማሪው ቀስቶቹን ተከትሎ ትነትን፣ የተንን ወደ ጠብታነት መመለስ፣ ዝናብንና የወንዝን ጉዞ በቃሉ ይይዛል።

የሥዕሉን ጥቅም መካድ አይገባም። ውሃ መልኩንና ቦታውን ይለውጣል እንጂ ከምንም የማይፈጠር፣ ወደ ምንምነትም የማይጠፋ መሆኑን በአንድ ገጽ ላይ ያሳያል። ይህም ሐሳብ የሰው ልጅ በቀላሉ የደረሰበት አይደለም። በአውሮፓ የነበሩ ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት ዝናብ ብቻውን ምንጮችንና ወንዞችን ለመመገብ አይበቃም ብለው ያምኑ ነበር፤ አያሌዎቹም የባሕር ውሃ በምድር ውስጥ በተሰወረ መንገድ ወደ ተራሮች እየወጣ ምንጭ ይሆናል ይሉ ነበር። ፒየር ፔሮ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1674 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሴን ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ የሚወርደውን ዝናብና ወንዙ የሚወስደውን ውሃ አስልቶ፣ ዝናቡ የወንዙን ስድስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። ክርክሩ በልኬት ላይ የተመሠረተ መልስ ማግኘት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ አዋቂዎችን እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ ያከራከረ ጉዳይ በአንድ ክፍለ ጊዜ በቀስት ብቻ ሲቀርብ ሕፃናት ቃሉን ይይዛሉ እንጂ ነገሩን ላያምኑበት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ክርክሩን የፈታው ሥዕል ሳይሆን አንድን የታወቀ ወንዝ መለካት ነው። ትምህርቱ ግን ሥዕሉን ወርሶ ልኬቱን ትቶታል።

የሥዕሉ ጉድለቶች

የመጀመሪያው ጉድለት የቦታ ነው። በብዙ አገሮች መምህራን ሲገለገሉበት የቆየው የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት የቀድሞ ሥዕል በረዶ የለበሱ ተራሮችንና ከበረዶው ቀልጦ የሚወርድ ጅረትን ያሳይ ነበር። የጉና ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ቢኖረውም ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ የለውም። ባሕሩንም ቢሆን የጋይንት ሕፃን አላየውም። እንግዲህ ሥዕሉ የሚጀምረው ሕፃኑ ከማያውቀው ቦታ ነው፤ የሚያበቃውም እዚያው ነው። በመካከሉ የሚያልፈው ተራራም የእርሱ ተራራ አይደለም። ለጋይንት ልጅ የውሃው ጎተራ በረዶ ሳይሆን አፈሩ፣ ሣሩና ከበታቹ ያለው የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከምድር በታች ያለውን መዘንጋቱ ነው። ጨው አልባ ከሆነው የዓለም ውሃ መካከል በበረዶነት ከረጋው ቀጥሎ ትልቁን ድርሻ የያዘው የከርሰ ምድር ውሃ ሲሆን፣ መጠኑም 30 በመቶ ያህል ይሆናል። በወንዞችና በሐይቆች የሚገኘው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ይህም ሆኖ በሥዕሎቹ ላይ ጎልቶ የሚታየው ወንዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በእስራኤል አገር ስለ መካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የታተመ ጥናት፣ ብዙዎቹ የዑደቱን የአየር ክፍል ሲያውቁ የምድር ውስጡን ክፍል እንደማያገናኙት፣ አንዳንዶቹም የከርሰ ምድር ውሃን ከመሬት በታች እንደ ተኛ የማይንቀሳቀስ ሐይቅ አድርገው እንደሚያስቡት አመልክቷል። በቂ መጻሕፍትና መሣሪያ ባላቸው ትምህርት ቤቶች ይህ ከታየ፣ የመጠጥ ውሃው ከምንጭና ከጉድጓድ በሚቀዳበት የገጠር ቀበሌ ጉድለቱ የሚያስከትለው ጉዳት የከፋ መሆኑ አያጠራጥርም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጉድለት ሰውን ማስወጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ከ450 የሚበልጡ የውሃ ዑደት ሥዕሎች ተመርምረው፣ ሰው ከውሃ ጋር ያለውን ግንኙነት ያሳዩት 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። የአየር ንብረት ለውጥን ወይም የውሃ ብክለትን ለማመልከት የሞከሩት ደግሞ 2 በመቶ ያህል ነበሩ። የአሜሪካው መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2022 ሰው የሚጠቀምበትን ውሃ፣ መስኖውን፣ ግጦሹን፣ ከተማውንና ፋብሪካውን የጨመረ አዲስ ሥዕል አውጥቷል። ይህ መልካም እርምጃ ነው። ነገር ግን አዲሱም ሥዕል የተዘጋጀው ለሌላ አገር ኑሮ በመሆኑ እንስራና ቦኖ አይገኙበትም፤ የውሃ ኮሚቴም አይታይበትም። አሮጌውን የውጭ ሥዕል በአዲስ የውጭ ሥዕል መተካት ጉድለቱን አያሟላውም።

ጉና ላይ የወደቀ ጠብታ

እውነተኛው ዑደት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምን እንደሚመስል ማየት ሥዕሉ የተወውን ለመረዳት ያስችላል።

የክረምቱን ዝናብ የሚያመጣው ርጥበት ከአንድ ባሕር ብቻ አይነሣም። ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ እንዲሁም ከሜዲትራኒያንና ከቀይ ባሕር አቅጣጫ ይመጣል፤ በጉዞውም ላይ ከደን፣ ከረግረግና ከእርሻ የሚወጣው ተን ይጨመርበታል። ርጥቡ አየር ከፍ ካለው ምድር ሲደርስ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣም ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ደመና ሆኖ ይዘንባል።

የጉና ተዳፋት ጠብታውን ሁለት ዕድል ይሰጠዋል። መሬቱ ተራቁቶ ከሆነ ውሃው አፈሩን ይዞ በአንድ ቀን ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ሣርና ቁጥቋጦ ወይም እርከን ካገኘ ግን ፍጥነቱ ይቀንስና ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ይህ አገር በጥንት እሳተ ገሞራ ፍሳሽ የተደራረበ ነው። ውሃው በድንጋዩ ስንጥቅ እየወረደ ከሸክላማ ንጣፍ ሲደርስ ቁልቁል መውረድ ይሳነዋል፤ በዚያን ጊዜ በንጣፉ ላይ ወደ ጎን ይጓዝና ንጣፉ በተዳፋቱ ከሚገለጥበት ስፍራ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ምንጭ ብዙ ጊዜ ከተራራው ራስ ሳይሆን ከወገቡ ወይም ከእግሩ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያዝያውም ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ጎተራው በዋነኛነት የሚሞላው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ የበልግ ዝናብ ጥቂት ካልጨመረበት በስተቀር ገቢ የለውም፤ ወጪ ብቻ ይሆናል። በክረምት ወደ ምድር የሰረገው ጥቂት ከሆነ በበጋ የሚቀዳውም ጥቂት ይሆናል። ይህን የገባው ሕፃን የምንጩን ማነስ እንደ ድንገተኛ ነገር አያየውም፤ ባለፈው ክረምት በተዳፋቱ ላይ የተደረገውንና ያልተደረገውን ይጠይቃል።

በዚህ አካባቢ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ታቅፈው፣ ሌሎችም በየዓመቱ በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ተሰልፈው እርከንና ክትር ሲሠሩ ኖረዋል። ሕፃኑ አባቱና እናቱ ድንጋይ ሲደረድሩ አይቷል። ይሁን እንጂ እርከኑ በውሃ ዑደት ሥዕል ላይ የለም። ወላጆቹ የዑደቱን አንድ ቀስት በእጃቸው ሲያዞሩ እየዋሉ፣ ልጃቸው ግን ዑደቱ የፀሐይና የባሕር ሥራ ብቻ እንደ ሆነ ተምሮ ይመለሳል። ከትምህርቱ ጉድለቶች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

የጠብታው ጉዞ በመንደሩ አያበቃም። ከጉና ምዕራባዊ ጎን የሚወርደው ውሃ በርብና በጉማራ አድርጎ ጣና ሐይቅ ይገባል። ከምሥራቅና ከደቡብ ጎኖቹ ከሚወርደው አብዛኛው ጣናን ሳይነካ በሸለቆዎቹ በኩል ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከጣና የወጣው ዓባይ ጎጃምን ሲዞር በሽሎ ይቀላቀለዋልና፣ በአንድ ተራራ ራስ ላይ የተለያዩ ሁለት ጠብታዎች ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ በአንድ ገደል ውስጥ ይገናኛሉ። ከዚያም ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይደርሳሉ። ወደ ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የሚነሣ ነው። ስለዚህ ከምንጭ የሚጀምር ትምህርት የመንደር ትምህርት ብቻ ሆኖ ይቀራል ማለት አይቻልም፤ ሕፃኑን እስከ ባሕሩ ይወስደዋል፣ መንገዱን ግን ከሚያውቀው ቦታ ያስጀምረዋል።

ምንጩ የሕዝብ ውሃ ሲሆን

እስከዚህ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ነው። ምንጩ ግን በራሱ የመጠጥ ውሃ አይሆንም፤ የሚያደርገው ሰው ነው። በተለመደው አሠራር የውሃ ዑደት በሳይንስ ትምህርት፣ የንጹሕ ውሃ ነገር በጤና ትምህርት፣ የሕዝብ አገልግሎት ደግሞ በዜግነት ትምህርት ተከፋፍለው ስለሚቀርቡ፣ አንዱ ውሃ በሦስት ቦታ ተቆራርጦ ይቀራል።

ሕፃን ሊረዳው በሚችል አነጋገር ሲነገር ነገሩ እንዲህ ነው። የጎለበተ ምንጭ ማለት ዐይኑ በግንብ ተሸፍኖ ውሃው በቧንቧ እንዲወጣ የተደረገ ነው። ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈርለታል፤ ከብት እንዳይገባበት ይታጠራል። የእጅ ጉድጓድም ከሆነ አፉ ተከድኖ የእጅ ፓምፕ ይተከልበታል። በኢትዮጵያ ገጠር በስፋት የሚታየው አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኬንያና በማላዊ በተደረገ ሙከራ የዳበረ ሲሆን፣ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው በቀላል መሣሪያ ፈትተው እንዲጠግኑት ታስቦ የተሠራ ነው። ቶሎ የሚያልቁት የጎማ ክፍሎቹ ናቸው። እነርሱን የሚገዛ ገንዘብና የሚለውጥ እጅ ከሌለ፣ በታላቅ ድካም የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ እያለው ይዘጋል።

ይህን ገንዘብና ይህን እጅ የሚያዘጋጀው የውሃ ኮሚቴው ነው። በአማራ ክልል በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በተካሄደው የገጠር ውሃ አቅርቦት ፕሮግራም፣ ለግንባታው የሚውለው ገንዘብ በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ነዋሪዎቹ ለመረጡት ኮሚቴ እንዲደርስና ሥራውን እነርሱው እንዲመሩት የሚያደርግ አሠራር ተሞክሮ፣ በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል። የአሠራሩ መሠረት ምንጩን የሚጠብቀው የእኔ ነው ያለ ሰው ነው የሚል እምነት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጎ፣ ከማንኛውም ጥቅም በፊት ለቤት አገልግሎት የሚውለው ውሃ ቅድሚያ እንዲያገኝ አድርጓል። የዛሬው ተማሪ የነገ የኮሚቴ አባል፣ ገንዘብ ያዥ ወይም የፓምፕ ጠባቂ ነውና፣ ይህን በትምህርት ቤት ካልሰማ የት ሊሰማው ይችላል?

ጉዳዩ የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የጤናም ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከተሻሻለ የውሃ ምንጭ የሚጠቀሙ የከተማ ቤተሰቦች 97 በመቶ ሲሆኑ፣ የገጠሮቹ 57 በመቶ ብቻ ነበሩ። ደቡብ ጎንደር ደግሞ ዓይን የሚያሳውረው ትራኮማ እጅግ ከተስፋፋባቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ይህ በሽታ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከሕፃን ወደ ሕፃን የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ፊትን ዘወትር መታጠብ ከመከላከያዎቹ አንዱ ነው። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት ግን አስቀድሞ የሚቀነሰው የፊት መታጠቢያው ውሃ ነው። ስለዚህ ስለ ምንጭ መማርና ስለ ዓይን ጤና መማር የተለያዩ ሊሆኑ አይችሉም።

በክፍል ውስጥ ሊደረግ የሚችለው

ይህን ሁሉ ለማስተማር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ለትነትና ለተን መመለስ ከአክንባሎ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም፤ እንጀራ ሲጋገር ተኑ አክንባሎውን መትቶ ጠብታ እንደሚሆን ሕፃናቱ ከቤታቸው ያውቁታል። መምህሩ «ምጣዱ ምን ይወክላል? አክንባሎውስ?» ብሎ ቢጠይቅ የባሕሩና የቀዝቃዛው አየር ነገር ሳይርቃቸው ይገባቸዋል። ስርገትን ለማሳየት ሁለት የተበሱ ጣሳዎች ይበቃሉ። በአንዱ ሣር ያለበት አፈር፣ በሌላው የተራቆተ አፈር ተደርጎ እኩል ውሃ ሲፈስባቸው፣ ከየትኛው ደፍርሶ፣ ከየትኛው ጠርቶና ቆይቶ እንደሚወጣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው ልኬት ነው። ለምሳሌ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በጥቅምት ወር በ40 ሴኮንድ ቢሞላ፣ ምንጩ በቀን 43,200 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። በሚያዝያ ያው ጄሪካን 200 ሴኮንድ ቢፈጅ የቀኑ ውሃ ወደ 8,640 ሊትር ይወርዳል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተወሰነው መለኪያ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። በዚህ ስሌት የጥቅምቱ ምንጭ ለ1,728 ሰው ሲበቃ፣ የሚያዝያው ለ345 ሰው ብቻ ይበቃል። አምስት ሰው ላለበት ቤት 125 ሊትር ማለት ከስድስት ጄሪካን በላይ ነው፤ በማን ጀርባ እንደሚመጣ ሕፃናቱ ያውቃሉ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር መሆኑን የተማረ ክፍል ደግሞ፣ 160 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የትምህርት ቤት ቆርቆሮ ላይ የወረደ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,600 ሊትር፣ ማለትም 80 ጄሪካን እንደሚሆን አስልቶ ለምን ወደ ጎርፍ እንደሚሄድ ይጠይቃል። ይህ ሒሳብም፣ ሳይንስም፣ ዜግነትም ነው።

የፓምፑን ጠባቂ ወይም የኮሚቴውን ገንዘብ ያዥ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ጋብዞ ማናገርም ወጪ የለውም። ድጓውንም ቢሆን የሳይንስ መጽሐፍ ለማድረግ ሳይሞከር፣ የክረምቱ አከፋፈል ዘርን፣ ደመናን፣ መብረቅን፣ ባሕርንና አፍላግን በተራ እንደሚጠራ ማመልከት፣ ሕፃናቱ የወቅቶችን ቅደም ተከተል ከሚያውቁት ቃል ተነሥተው እንዲይዙት ይረዳል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። አንደኛው የጊዜ ጥበት ነው። መርሐ ትምህርቱ የተጨናነቀ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም የቀረበው ሐሳብ አዲስ ምዕራፍ መጨመር ሳይሆን በሦስት ትምህርቶች የተበተነውን አንድ ማድረግ ስለሆነ ጊዜ ይቆጥባል እንጂ አይወስድም። ሁለተኛው ሕፃናትን በአካባቢያቸው ችግር ማጠር ዕውቀታቸውን ያጠብባል የሚል ነው። ከጉና የተነሣው ጠብታ እስከ ሜዲትራኒያን እንደሚሄድ ከላይ ስለ ታየ ይህ አሳሳቢ አይሆንም። ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ትምህርት የተሰበረ ፓምፕ አይጠግንም፣ የደረቀ ምንጭም አያፈልቅም። ይህ እውነት ነው። ውሃ የማቅረብ ኃላፊነት ከመንግሥትና ከአዋቂዎች ትከሻ ወርዶ በሕፃናት ላይ ሊጫን አይገባም። ነገር ግን ምንጩ ለምን እንደሚያንስ የማያውቅ ትውልድ፣ ሲያንስበት ማንን ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው አያውቅም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ መጻሕፍት በየክልሉና በሕፃናቱ ቋንቋ እንዲዘጋጁ በር ከፍቷል። በሩ የተከፈተው ግን ቃላቱን ለመተርጎም ብቻ አልነበረም፤ ሥዕሉም ወደ አገሩ እንዲገባ ነው። የመጽሐፍ አዘጋጆች ለደጋው፣ ለቆላውና ለከተማው ልዩ ልዩ ሥዕል ቢያዘጋጁ፣ ለጋይንት ሕፃን ተዳፋት፣ እርከን፣ ምንጭና ቦኖ ያለበት ሥዕል ሊደርሰው ይችላል። የፈተና አዘጋጆችም «የውሃ ዑደትን ደረጃዎች ዘርዝር» በሚለው ፈንታ «በተዳፋቱ ላይ ያለው ሣር ቢጠፋ በበጋ ምንጩ ምን ይሆናል? ለምን?» ብለው ቢጠይቁ፣ መምህሩ የሚያስተምረው በአንድ ዓመት ውስጥ ይለወጣል፤ ፈተናው የሄደበትን መንገድ ክፍሉም ይከተላልና።

የቤተ ልሔም ሊቃውንት አንድን የድጓ ተማሪ መምህር ብለው የሚያሰናብቱት ከፊታቸው ቀርቦ ሲመሰክር ነው። የውሃ ትምህርትም ምስክር ያስፈልገዋል። ምስክሩም ሕፃኑ ክቡን ሥዕል ደግሞ መሣሉ ሳይሆን፣ ከመንደሩ ምንጭ አጠገብ ቆሞ ይህ ውሃ ከየት መጣ፣ ማን ጠበቀው፣ ወዴትስ ይሄዳል ለሚሉት ሦስት ጥያቄዎች በራሱ ቃል መልስ መስጠቱ ነው።